ሰውየው ከሰነዱ ሲገዝፍ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2006፣ የኢትዮጵያ ጦር የሶማሊያን ድንበር ተሻግሮ ወደ ሞቃዲሾ በሚገሰግስበት ወር፣ ማንም ሰምቶት የማያውቅ አንድ ድረ ገጽ የመጀመሪያ ሰነዱን ለዓለም ለቀቀ። የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት መሪ ሼኽ ሐሰን ዳሂር አዌይስ ፈርመውበታል የተባለ ምስጢራዊ ውሳኔ ነበር፤ ወንጀለኞችን ቀጥሮ የመንግሥት ባለሥልጣናትን ስለማስገደል ይናገራል። እውነተኛ ይሁን የተቀነባበረ የለየለት ነገር የለም። ሳይውል ሳያድር ግን ሰነዱ ተረሳና ወሬው ሁሉ ሰነዱን ስላወጣው ስለ ዊኪሊክስ ሆነ።

ከዚያ ወር ጀምሮ ያለው የዊኪሊክስ ታሪክ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ምስጢር አጋላጮችን ሊከልል የተነሣ እንቅስቃሴ እንዴት ደረጃ በደረጃ የአንድ ሰው ዝና ማደሪያ እንደሆነ ያሳየናል። ዕዳውን የከፈሉት ደግሞ በአብዛኛው ስማቸውን ማንም የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው።

የዊኪሊክስ መሥራች ጁሊያን አሳንጅ አውስትራሊያዊ ነው። በወጣትነቱ የሌሎችን ኮምፒውተር ሰብሮ በመግባት ተከስሶ ተቀጥቷል። ሐሳቡ ቀላልና ብርቱ ነበር። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ በደል ያየ ሰው ማስረጃውን በኢንተርኔት ይልካል፤ ማን እንደላከው ግን ተቀባዩ እንኳ አያውቅም። ጋዜጠኛ የምንጩን ስም ላለመናገር ቃል ሊገባ ይችላል፤ ችሎት ፊት ቆሞ ሲጨነቅ ቃሉን መጠበቅ ግን ይከብደዋል። ዊኪሊክስ የማያውቀውን ስም ሊያወጣ አይችልም። በዚህ አሠራር ሰዎቹ ከበስተጀርባ ይቆማሉ፤ የሚናገረው ሰነዱ ነው።

የመጀመሪያው መለያየትም ብዙ አልቆየም። ለዓመታት ክሪፕቶም የተባለ የሰነድ ድረ ገጽ ሲያዘጋጅ የኖረው አሜሪካዊው ጆን ያንግ ከጀማሪዎቹ ጋር ነበር። በጃንዋሪ 2007 ገንዘብ ለማሰባሰብ የተያዘውን ግዙፍ ዕቅድ ሲሰማ ተጠራጥሮ ወጣ። ይህን ስም እናስታውሰው፤ ኋላ ላይ ይመለሳል።

የናይሮቢ ዓመታት

አሳንጅ ከ2007 እስከ 2008 በናይሮቢ ኖሯል። በኦገስት 2007 የኬንያ መንግሥት ራሱ ክሮል ለተባለ የምርመራ ኩባንያ ከፍሎ ያሠራው፣ ከዚያ መሳቢያ ውስጥ የቆለፈበት ሪፖርት በዊኪሊክስ ወጣ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ ቤተሰብና አጃቢዎች የሀገር ሀብት አሽሽተዋል የተባለበትን መንገድ የሚዘረዝር ነበር። ዘ ጋርዲያን በፊት ገጹ ይዞት ወጣ፤ ኬንያ ምርጫ ልታካሂድ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተዋት ነበር።

በቀጣዩ ዓመት የኬንያ ብሔራዊ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ፖሊስ ያለ ፍርድ ስለገደላቸው ወጣቶች ያጠናቀረው ሪፖርት በዚሁ ድረ ገጽ ተለቀቀ። በማርች 5 ቀን 2009 በዚሁ ጉዳይ ሲሠሩ የነበሩት የሰብአዊ መብት ተሟጋቾች ኦስካር ካማው ኪንጋራና ጆን ፖል ኡሉ ናይሮቢ መንገድ ላይ፣ መኪናቸው ውስጥ እንዳሉ በጥይት ተገደሉ። በዚያው ዓመት አምነስቲ ኢንተርናሽናል ለዚህ ሥራ ዊኪሊክስን ሸለመ። አሳንጅ ሽልማቱን ሲቀበል የኬንያን ሲቪል ማኅበረሰብ ድፍረት አመሰገነ። ያኔ ክብሩ ሕይወታቸውን ለሰጡት ሰዎች ነበር።

እንቅስቃሴው በእነዚያ ዓመታት ጥቂት ሰዎችንና ጥቂት ሰርቨሮችን ያቀፈ ነበር። በ2007 መጨረሻ በርሊን በተካሄደ የሐከሮች ጉባኤ ላይ አሳንጅ ዳንኤል ዶምሻይት-በርግ ከተባለ ጀርመናዊ ጋር ተዋወቀ። ዳንኤል "ሽሚት" በሚል ስም የዊኪሊክስ ሁለተኛ ቃል አቀባይ ሆነ። በፌብሩዋሪ 2008 ጁሊየስ ቤር የተባለው የስዊስ ባንክ በካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ድረ ገጹን ቢያዘጋም፣ ዳኛው በዚያው ወር ትእዛዛቸውን አነሡ። የአሜሪካ መገናኛ ብዙኃንና የመብት ድርጅቶች በአንድ ድምፅ ከዊኪሊክስ ጎን ቆመው ነበር። ማንም ስለ አሳንጅ ፀጉር ወይም ጠባይ አላነሣም፤ የተሟገቱት ለሕዝብ የማወቅ መብት ነው።

የሬይክያቪክ ቤት

በ2009 አይስላንድ ባንኮቿ ፈርሰው ሕዝቧ በቁጣ ላይ ነበር። በኦገስት መጀመሪያ ካውፕቲንግ የተባለው ባንክ ከመውደቁ በፊት ለገዛ ባለቤቶቹና ለወዳጆቻቸው የሰጠው የብድር ዝርዝር በዊኪሊክስ ወጣ። የብሔራዊ ቴሌቪዥኑ የማታ ዜና ሊጀምር ደቂቃዎች ሲቀሩት ዘገባው እንዳይተላለፍ የሚያግድ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ደረሰ። አዘጋጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ዘገባው በታገደበት ሰዓት የዊኪሊክስን አድራሻ በስክሪኑ ላይ አሳዩ። ተመልካቹ ራሱ ገብቶ አነበበ። በዚህ የተነሣ በጁን 2010 የአይስላንድ ፓርላማ አገሪቱን ለመረጃ ነፃነት ምሽግ ለማድረግ ያለመ ውሳኔ አጸደቀ።

በማርች 2010 ገደማ አሳንጅና ጓደኞቹ በሬይክያቪክ አንድ ቤት ተከራዩ። ለአከራዩ በዚያ ሰሞን ስለፈነዳው እሳተ ገሞራ ሊዘግቡ የመጡ ጋዜጠኞች መሆናቸውን ነገሩት። መጋረጃውን ዘግተው ሌት ተቀን ይሠሩበት የነበረው ግን ከአሜሪካ አፓቺ ሄሊኮፕተር ላይ የተቀረጸ ፊልም ነበር። በጁላይ 12 ቀን 2007 ባግዳድ ላይ የተፈጸመ ተኩስ ነው። ሁለት የሮይተርስ ሠራተኞች፣ ናሚር ኑር-ኤልዲንና ሰዒድ ሽማግ፣ ከሌሎች ጋር ተገድለዋል። ቁስለኛውን ሊያነሣ የመጣ መኪናም ተመትቶ ውስጡ የነበሩ ሁለት ሕፃናት ቆስለዋል። ሁለት አይስላንዳውያን ጋዜጠኞች ባግዳድ ድረስ በርረው የሕፃናቱን ቤተሰብ አገኙ። ያ ማለፊያ የጋዜጠኝነት ሥራ ነበር።

ፊልሙ በኤፕሪል 5 ቀን 2010 ዋሽንግተን በሚገኘው የብሔራዊ ፕሬስ ክለብ ታየ። አሳንጅ መድረኩ ላይ ቆሞ ለፊልሙ ግድያ የሚለውን ቃል የያዘ ርዕስ ሰጠው። ሙሉው ቅጂ 39 ደቂቃ ገደማ ነው፤ በሚሊዮኖች የታየው ግን ተቆርጦ የተዘጋጀው የ17 ደቂቃው ቅጂ ነው። ሰነዱ ለራሱ ይናገር የሚለው መርህ በዚያ ቀን ተነካ። ከዚያ ቀን በኋላ የካሜራው ዓይን ከአሳንጅ ላይ አልተነቀለም።

ፊልሙን የላከችው ከባግዳድ በስተምሥራቅ በሚገኝ የጦር ሰፈር የመረጃ ተንታኝ የነበረች፣ የ22 ዓመት ወጣት ናት። ያኔ ብራድሌይ፣ ኋላ ቼልሲ ማኒንግ። በሙዚቃ ሲዲ ላይ የሌዲ ጋጋን ስም ጽፋ፣ ዘፈኑን እያንጎራጎረች በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰነዶችን ገልብጣለች። አስቀድማ ወደ ዋሽንግተን ፖስትና ወደ ኒው ዮርክ ታይምስ ሞክራ ሰሚ አላገኘችም። በሜይ 2010 መጨረሻ ተያዘች። የዊኪሊክስ ቴክኖሎጂ አልከዳትም፤ ብቸኝነቷን ያዋየችው ሰው ነው አሳልፎ የሰጣት። አሳንጅ በመጽሔቶች ሽፋን ላይ መታየት ሲጀምር እርሷ በኳንቲኮ የባሕር ኃይል ወታደሮች እስር ቤት ለብቻዋ ተዘግታ፣ ሌሊት ልብሷን እንድታወልቅ ትገደድ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የሥቃይ ጉዳይ መርማሪ አያያዟን ጭካኔ የተሞላበትና ኢሰብአዊ ብለውታል። ዊኪሊክስ በጁላይ 2010 ለጠበቃዋ ገንዘብ እንደሚሰጥ ቃል ገብቶ ነበር። 15,100 ዶላሩ የደረሰው በጃንዋሪ 2011 ነው።

የመስከረሙ ጠብ

በጁላይ 25 ቀን 2010 ከ75,000 በላይ የአፍጋኒስታን ጦርነት ሰነዶች ወጡ። ዘ ጋርዲያን፣ ኒው ዮርክ ታይምስና ዴር ሽፒግል ለሳምንታት አጥንተዋቸው ነበር። ዊኪሊክስ 15,000 ገደማ ሰነዶችን ለጥንቃቄ ቢያስቀርም፣ በወጡት ውስጥ ከውጭ ጦር ጋር የተባበሩ አፍጋናውያን ስምና መንደር ተገኘ። አምነስቲን ጨምሮ የመብት ድርጅቶች ስሞቹ እንዲሰወሩ ለመኑ። በማኒንግ ችሎት ላይ በ2013 የቀረቡት የአሜሪካ ጦር ጄኔራል በሰነዶቹ ምክንያት ተገደለ የሚሉትን አንድም ሰው በስም መጥቀስ አልቻሉም፤ ይህን መዘንጋት አይገባም። ያም ሆኖ የአንድ መንደር ገበሬ ስም በአንድ ቁልፍ ለዓለም ሲበተን ኃላፊነቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ በቂ መልስ አላገኘም።

በኦገስት ሁለት ስዊድናውያት በአሳንጅ ላይ የወሲብ ጥቃት አቤቱታ አቀረቡ። እርሱ ካደ። ጉዳዩ ተዘግቶ፣ ተከፍቶ፣ በ2019 ያለ ክስ ተቋረጠ። የእንቅስቃሴው ሰዎች በዚያ ሰሞን ያነሡት ጥያቄ ግን ከጥፋተኝነቱ ጋር የተያያዘ አልነበረም። ለዊኪሊክስ የቆሙት የአይስላንድ ፓርላማ አባል ቢርጊታ ዮንስዶቲርና ሌሎችም ጉዳዩ እስኪለይ ድረስ ከቃል አቀባይነት ዞር እንዲልና የግሉን ጉዳይ ከድርጅቱ እንዲለይ መከሩት። አሳንጅ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ዳንኤልን አገደው። አንድ ወጣት አይስላንዳዊ የታሪክ ተማሪ በውስጥ መልእክት ስለ እገዳው ሲጠይቀው፣ የድርጅቱ ልብና ነፍስ፣ መሥራች፣ ፈላስፋ፣ ቃል አቀባይና ገንዘብ ሰብሳቢ እርሱ ራሱ መሆኑን ዘርዝሮ፣ ካልተስማማው እንዲጠፋ ነገረው። መልእክቱ ሾልኮ ወጣ። የሌሎችን ምስጢር ለማውጣት የተቋቋመው ቤት የገዛ ምክክሩን በጋዜጣ አነበበ።

በሴፕቴምበር ዳንኤልና ሌሎች ወጡ። ከእነርሱ ጋር የሰነድ መቀበያውን ሥርዓት የገነባው፣ ስሙ የማይታወቀው ባለሙያም ሥራውን ይዞ ሄደ። ውጤቱ ከባድ ነበር። ዊኪሊክስ በዓለም ሁሉ ስሙ በገነነበት በዚያው ወቅት አዲስ ምስጢር አጋላጭ የሚያንኳኳው በር ተዘጋ። አዲስ መቀበያ የተከፈተው በሜይ 2015 ነው። ለአራት ዓመት ተኩል ያህል ድርጅቱ በአብዛኛው አስቀድሞ በተቀበለውና በሌላ መንገድ በደረሰው ሰነድ፣ ከሁሉም በላይ በአንዲት ወጣት መሥዋዕትነት ኖረ።

በኦክቶበር 391,832 የኢራቅ ጦርነት ሰነዶች ሲወጡ የሲኤንኤን ጋዜጠኛ ስለ ስዊድኑ ጉዳይ ጠየቀችው፤ አሳንጅ ማይክራፎኑን አውልቆ ተነሥቶ ሄደ። ዜና የሆነው ይህ ነው። ሰነዶቹ የያዙት የሰላማዊ ኢራቃውያን ሞት ከዚያ በታች ቀረ። በኖቬምበር መጀመሪያ ጠበቆቹን አስከትሎ ወደ ዘ ጋርዲያን ዋና አዘጋጅ ቢሮ ገባ። የዲፕሎማሲ ሰነዶቹ ያለ እርሱ ፈቃድ ከታተሙ ሊከስስ እንደሚችል፣ በመረጃው ላይም የገንዘብ ጥቅም እንዳለው ተናገረ። ማኒንግ ነፃነቷን የሰጠችበት ሰነድ የባለቤትነት ጥያቄ ተነሣበት። ከረጅም ሰዓት ክርክር በኋላ ተስማሙና በኖቬምበር 28 ከ251,287ቱ የአሜሪካ ዲፕሎማሲ መልእክቶች የመጀመሪያዎቹ፣ ስሞች እየተሰወሩ፣ መውጣት ጀመሩ።

የመንግሥታትና የኩባንያዎች አጸፋ ፈጣን ነበር። አማዞን ሰርቨሩን ነሳው፤ ፔይፓል፣ ቪዛና ማስተርካርድ የገንዘብ ድጋፉን ቆረጡ። ይህ ያለ ፍርድ የተፈጸመ ቅጣት ነው፤ የዊኪሊክስን መዳከም በአንድ ሰው ጠባይ ብቻ የሚያመካኝ ሰው ከታሪኩ ግማሹን ይደብቃል። አሳንጅ በስዊድኑ ጉዳይ ለንደን ውስጥ ታስሮ በዋስ ሲወጣ በኖርፎክ ወደሚገኝ ሰፊ የገጠር ቤት ገባ። የፈረንሳዩ ጋዜጣ ለ ሞንድ የዓመቱ ሰው አለው። ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ያስገኛል የተባለ የሕይወት ታሪክ ውል ፈረመ፤ ለጠበቃ ወጪ እንደሆነ ተናገረ። በዚያው ቤት የነበሩ ባልደረቦቹ ደግሞ የድርጅቱን መረጃ ቢያወጡ 12 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያስከፍል የምስጢር ጥበቃ ውል ቀረበላቸው። ወረቀቱ በሜይ 2011 ለሕዝብ ወጣ። ምስጢር አጋላጮችን ሊጠብቅ የቆመ ድርጅት የራሱን ምስጢር አጋላጮች በገንዘብ ቅጣት አስፈራራ።

የይለፍ ቃሉ

በ2011 አጋማሽ ላይ የሆነው የብዙ ሰዎች እኔነት በአንድነት የሠራው ጥፋት ነው። ስሞች ያልተሰወሩበት ሙሉ የዲፕሎማሲ ፋይል በተመሰጠረ መልኩ በኢንተርኔት ላይ ተበትኖ ነበር። የይለፍ ቃሉን አሳንጅ ለዘ ጋርዲያን ጋዜጠኛ ሰጥቶታል፤ ጋዜጠኛው በፌብሩዋሪ 2011 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ቃሉን እንዳለ ጻፈው። ጋዜጣው ቃሉ ጊዜያዊ ነው ተብለናል አለ፤ ዊኪሊክስ ጋዜጣውን ከዳተኛ አለው። ለወራት ሁለቱ ነገሮች በየፊናቸው ተቀምጠው ነበር፤ ፋይሉ በአንድ በኩል፣ ቁልፉ በመጽሐፍ መደብር።

በኦገስት ዳንኤልና አሳንጅ በአደባባይ ተነቃቀፉ። ዳንኤል ኦፕንሊክስ የሚባል ተፎካካሪ ድርጅት አቋቁሞ ነበር። ዊኪሊክስ ምንጮቹን እንደማይጠብቅ ሊያስረዳ ሲሟገት፣ ፋይሉና የይለፍ ቃሉ ሁለቱም ውጭ እንዳሉ የሚጠቁም ዘገባ ጀርመን ውስጥ ወጣ። በዚያው ወር ይዞ ከሄዳቸው ያልታተሙ ሰነዶች 3,500 ያህሉን አጠፋሁ አለ፤ ምንጮችን ለመጠበቅ ነው ሲል። ሰነዱን የላኩት ሰዎች አልተጠየቁም። የጀርመኑ የሐከሮች ማኅበርም በዚያው ወር ዳንኤልን ከአባልነት አሰናብቶት ነበር። ኦፕንሊክስን ውሃ በላው።

በሴፕቴምበር 1 የዱሮው ጆን ያንግ ሙሉውን ፋይል በክሪፕቶም ላይ ለጠፈው። በማግስቱ ዊኪሊክስም ሁሉንም ሳይሰውር አወጣ። በመልእክቶቹ ላይ አብረውት የሠሩት አምስት የዜና ተቋማት በጋራ መግለጫ አወገዙት።

የኬንያው ኔሽን ሚዲያ ግሩፕ የአዲስ አበባ ዘጋቢ የነበረው ኢትዮጵያዊ ጋዜጠኛ አርጋው አሽኔ ስሙን ከነዚያ መልእክቶች በአንዱ ውስጥ አገኘው። በኦክቶበር 2009 ከአሜሪካ ኤምባሲ የተላከው መልእክት፣ የአዲስ ነገር ጋዜጣ አዘጋጆችን ዝም ለማሰኘት መታሰቡን አርጋው ከመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ውስጥ ካለ ሰው መስማቱን ይጠቅሳል። አዲስ ነገር በዚያው ዓመት መጨረሻ ተዘግቷል። መልእክቱ እንደወጣ አርጋው በጽሕፈት ቤቱ ተጠራ፤ ቀጥሎም ፖሊስ የምንጩን ስም በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲናገር አዘዘው። አልተናገረም። በሴፕቴምበር 2011፣ በኢትዮጵያ አዲስ ዓመት ዋዜማ ሰሞን አገሩን ጥሎ ወጣ። ዓለም አቀፉ የጋዜጠኞች ተሟጋች ሲፒጄ፣ በዊኪሊክስ ሰነድ የተነሣ ጋዜጠኛ በቀጥታ ሲጎዳ ያረጋገጠው የመጀመሪያው አጋጣሚ መሆኑን አስታወቀ።

ለንደንና በርሊን ላይ የሚጣሉት ሰዎች አርጋውን አያውቁትም፤ እርሱም አያውቃቸውም። ምንጩን መጠበቅ ማለት ምን እንደሆነ በተግባር ያሳየው ግን እርሱ ነው። ዓለም ያጨበጨበለት መድረክ አልነበረውም፤ ስም ሳይሰጥ ተሰደደ።

ሁለት መንገዶች

የቀጣዮቹ ዓመታት ታሪክ በፍጥነት ሊነገር ይችላል። በ2012 አሳንጅ በሩሲያው አርቲ ጣቢያ የተሰራጨ 12 ክፍል ያለው ቃለ ምልልስ አዘጋጀ፤ በጁን ጥገኝነት ሽቶ ለንደን ወዳለው የኢኳዶር ኤምባሲ ገብቶ ከሰገነቱ ላይ ንግግር አደረገ። በ2013 በዊኪሊክስ ስም የተቋቋመው የአውስትራሊያ ፓርቲ ለምርጫ ሲቀርብ አባላቱ በውስጥ ዴሞክራሲ እጦት ተከፋፍለው ዕጩዋ ሌዝሊ ካኖልድ ለቀው ወጡ። በዚያው ዓመት ኦገስት ማኒንግ 35 ዓመት ተፈረደባት።

በ2013 የአሜሪካን የስለላ ምስጢር ያጋለጠው ኤድዋርድ ስኖውደን ሰነዶቹን ለመረጣቸው ጋዜጠኞች ሰጥቶ፣ ለሕዝብ የሚጠቅመውን እንዲለዩ አደራ አለ። የዊኪሊክሷ ሳራ ሃሪሰን ከሆንግ ኮንግ እስከ ሞስኮ አብራው ተጓዘች፤ ይህ ለድርጅቱ የሚመዘገብ ውለታ ነው። በጁላይ 2015 ፊንያስ ፊሸር በሚል ስም የሚታወቅ፣ መልኩን ማንም ያላየው ሐከር የጣሊያኑን የስለላ ሶፍትዌር ሻጭ ሐኪንግ ቲም ሰብሮ ገባ። ዊኪሊክስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኢሜይሎቹን ለፍለጋ አመቺ አድርጎ አስቀመጠ። የኢትዮጵያው የመረጃ መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ኢንሳ ደንበኛ እንደነበረ በጥቁርና በነጭ ታየ፤ በዋሽንግተን አካባቢ የነበሩት የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች በዚያው ኩባንያ ሶፍትዌር ተሞክሮባቸው ነበር። የሥራው ክፍፍል ያ ነበር፤ አንዱ ተሰውሮ ያወጣል፣ ሌላው ያደራጃል፣ ተጎጂው ማስረጃውን ያገኛል።

2016 ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን አቀረበ። በኤፕሪል ወር፣ ስሙ እስካሁን ያልታወቀ ሰው ለጀርመኑ ጋዜጣ ዙድዶይቸ ጻይቱንግ ያደረሰው የአንድ የፓናማ የጥብቅና ድርጅት 11.5 ሚሊዮን ሰነድ ከ370 በላይ ጋዜጠኞች ከአንድ ዓመት በላይ በዝምታ ሠርተውበት ወጣ። የአይስላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር በቀናት ውስጥ ሥልጣን ለቀቁ። ዓለም የሚያውቀው አንድ ጀግና አልነበረውም፤ ስለዚህም ማንም በጀግናው ጠባይ ሊያጣጥለው አልቻለም።

በጁላይ ዊኪሊክስ የአሜሪካን ዴሞክራቲክ ፓርቲ ኢሜይሎች ለቀቀ። ይዘታቸው እውነተኛ ነበር፤ የፓርቲው ሊቀ መንበርም በዚያ ሰበብ ወረዱ። አሳንጅ ግን ዋሽንግተን ውስጥ የተገደለ አንድ ወጣት የፓርቲው ሠራተኛ ምንጩ እንደነበረ በሚያስመስል አኳኋን በቴሌቪዥን ተናገረ፤ ዊኪሊክስም ስለ ግድያው መረጃ ለሚሰጥ 20,000 ዶላር ወሮታ አወጀ። የአሜሪካው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሮበርት ሙለር ምርመራ በ2019 እንዳሳየው ሰነዶቹ የመጡት ከሩሲያ ወታደራዊ መረጃ ነበር። ልጃቸውን የቀበሩ ወላጆች ለዓመታት በሐሰት ወሬ ተሰቃዩ። ስኖውደን ኢሜይሎቹ በወጡበት ሰሞን ዊኪሊክስ ሰነዶችን ለመምረጥና ለማጣራት ያሳየው ጥላቻ ስሕተት መሆኑን ሲናገር፣ የዊኪሊክስ መልስ በስኖውደን ላይ ዘለፋ ሆነ።

ማኒንግ ቅጣቷ ተቀንሶ በሜይ 2017 ወጣች። በ2019 በዊኪሊክስ ጉዳይ እንድትመሰክር ስትጠየቅ እምቢ ብላ እንደገና ታሰረች፤ እስከ ማርች 2020። አሳንጅ በኤፕሪል 2019 ከኤምባሲው ተጎትቶ ወጥቶ በቤልማርሽ እስር ቤት ከአምስት ዓመት በላይ ቆየ። የአሜሪካ መንግሥት በስለላ ሕግ የመሠረተበት ክስ ለማንኛውም ጋዜጠኛ አደገኛ ነበር፤ ከዓመታት በፊት ያወገዙት ጋዜጦችም ይህንን ተቃውመው ቆሙ። በጁን 2024 በሳይፓን ደሴት በአንድ ክስ ጥፋተኝነቱን አምኖ ነፃ ወጣ።

የደረሰበት መከራ እውነተኛ ነው፤ የሠራው መልካም ሥራም እንዲሁ። የባግዳዱ ፊልም ባይወጣ ኖሮ የናሚርና የሰዒድ አሟሟት በጦር ሠራዊቱ መዝገብ ውስጥ ተቀብሮ ይቀር ነበር። ስለዚህ ነው ነገሩ የሚቆጨው። መንግሥታት ዊኪሊክስን ለማጥፋት ከፈጠሩት ምክንያት ሁሉ የጠቀማቸው፣ የጦርነት ሰነድን ወደ አንድ ሰው ወሬ የመለወጥ ዕድል ነበር፤ ያን ዕድል አሳንጅ ደጋግሞ ሰጣቸው። የሰነድ መቀበያው የያዘው አንድ ሰው ሲኮርፍ የሚዘጋ ከሆነ፣ የመሥራቹ ችሎት የድርጅቱ ችሎት ከሆነ፣ ባልደረባ ጥያቄ ሲያነሣ ከዳተኛ የሚባል ከሆነ፣ እዚያ ቤት አደራ የሚያስቀምጥ ሰው ያለ ዋስትና ነው። ምስጢር አጋላጮችን እንጠብቃለን የሚሉ ሁሉ ማን ሊቆጣጠራቸው፣ ማን ገለል በሉ ሊላቸው እንደሚችል አስቀድመው በጽሑፍ ይወስኑ። ማኒንግና አርጋው የሚገባቸው ጭብጨባ ሳይሆን ይህ ሥርዓት ነበር፤ ለሚመጡት ልናዘጋጅላቸው የሚገባውም ይኸው ነው።